ዊንዶውሱን ሳልነካ ኡቡንቱን በሚንት ቀየርኩት

አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ትንሽ ኮፒ ቤት አለችኝ። ኮፒ፣ ፕሪንት፣ ጽሕፈት፣ ጥረዛ። ከማሽኖቹ ሁሉ ዕረፍት የሌለው ላፕቶፑ ነው። አራተኛ ትውልድ ኮር አይ 3፣ 4 ጊጋ ራም፣ 500 ጊጋ የድሮው ዓይነት ሃርድ ዲስክ። ባትሪው ጢም ብሎ ቢሞላም ከ15 ደቂቃ አያልፍም። ይህን ባትሪ አስታውሱልኝ፤ ኋላ ይመጣል።

ላፕቶፑ ላይ ሁለት ሲስተም አለ። ሲበራ የትኛውን እንደምፈልግ ይጠይቀኛል። አንዱ ዊንዶውስ 10 ነው። ሌላው እስከ ኅዳር 2018 ድረስ ኡቡንቱ 22.04 ነበር፤ አሁን ሊኑክስ ሚንት 22.2 ሆኗል። ሁለቱም ሊኑክስ የሚባለው፣ በዊንዶውስ ፋንታ የሚሠራው ሲስተም ዓይነቶች ናቸው። ሚንት በሦስት መልክ ይመጣል፦ ሲናሞን፣ ማቴ እና ኤክስኤፍሲኢ። እኔ የመጨረሻውን ወሰድኩ፤ ለደካማ ማሽን የሚመከረው እሱ ነው። ሁለት ወር ሰርቼበታለሁ። አሁን ብናገር አያሳፍርም።

«ሊኑክስ ለኮፒ ቤት ምን ያደርጋል?» ለሚለኝ መልሴ አንድ ቃል ነው፦ ፍላሽ። በቀን ሠላሳ አርባ ፍላሽ ይሰካብኛል። ግማሹ ቫይረስ አለበት። ያ ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገውን ታውቁታላችሁ። ዊንዶውስ ላይ ከከፈታችሁት እናንተም ተያዛችሁ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ደንበኛም ተያዘ። ሊኑክስ ላይ ግን ያው ቫይረስ ምንም ሳይሠራ እንደ ተራ ፋይል ተቀምጦ ይታያል። የደበቀው ፎልደርም አይደበቅም፤ ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ ታገኙታላችሁ። አንዲት ተመራቂ «ጥናቴ ጠፋ» ብላ እንባ በእንባ ሆና መጣች። በሁለት ደቂቃ አውጥቼ ሰጠኋት። ከዚያ ወዲህ ጓደኞቿን በሙሉ ወደ እኔ ነው የምትልከው።

ታዲያ ዊንዶውሱን ለምን አላጠፋሽውም? በአማርኛው ምክንያት። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል መለያ ውስጥ፣ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሰው የሚጽፈው ዩኒኮድ ባልሆኑ ፎንቶች ነበር። ፎንቱ የሌለበት ማሽን ላይ ስትከፍቱት ጽሑፉ የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ይሆናል። የዕድር መተዳደሪያ ደንብ፣ የድሮ የቤት ኪራይ ውል፣ ከአሥር ዓመት በፊት የተጻፈ ማመልከቻ፤ እንዲህ ያለ ፋይል በሳምንት ሁለቴ አያጣኝም። ፎንቶቹ ዊንዶውሱ ላይ ናቸው፣ የለመድኩት የአማርኛ መጻፊያም እዚያው ነው። የኦሮምኛው ደብዳቤ በቁቤ ስለሆነ የትም ይከፈታል፣ የትም ይጻፋል። ሁሌም የሚያደክመኝ አማርኛው ነው።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ኢንቴል ይፈልጋል፤ የእኔ አራተኛ ነው። ስለዚህ ዊንዶውሱ ከኢንተርኔት ተቆርጦ ለድሮ ፋይል ብቻ እንዲቆይ ወሰንኩ። ቀኑን ሙሉ የምሠራው ሊኑክሱ ላይ ከሆነ ደግሞ ሊኑክሱ ፈጠን ማለት አለበት።

ኡቡንቱን አላማውም። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አልከዳኝም። ግን የተሠራው ከእኔ ማሽን የተሻለ ማሽን ላለው ሰው ነው። 22.04 ላይ የኢንተርኔት መክፈቻው ፋየርፎክስ የሚመጣው ስናፕ በሚባል እሽግ ነው። ስናፕ ፕሮግራሙን ከነጓዙ አሽጎ ያመጣዋል። ኤስኤስዲ የሚባለው ፈጣኑ ዲስክ ላለው ሰው ልዩነቱ እምብዛም ነው። በእኔ ሃርድ ዲስክ ላይ ግን ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ስከፍተው በስልኬ ለካሁት፤ 31 ሰከንድ። ደንበኛ ፊት ለፊት ቆሞ 31 ሰከንድ ብዙ ነው። ኢሜይሉን ሊከፍት የመጣ ሰው «ኔትወርክ የለም እንዴ?» ብሎ ወደ ጎረቤት ይሄድብኛል።

ሌላው ዳታ ነው። ኢንተርኔት የምጠቀመው ከስልኬ ሆትስፖት፣ ጥቅል ገዝቼ ነው። ስናፕ በነባሪው በቀን አራት ጊዜ አዲስ ነገር መኖሩን ያያል፤ ካለ ራሱ ያወርዳል። ማቆሚያ ትእዛዝ አለው፣ እኔ ያወቅኩት ግን ዘግይቼ ነው። ዋይፋይ ቤቱ ላስገባ ሰው ይህ ምቾት ነው። ሜጋባይት ቆጥሮ ለሚገዛ ሰው ግን ሳይጠየቅ ከመሶብ የሚቆርስ እንግዳ ነው።

መጀመሪያ አንድ ጥገና ቤት ጠየቅኩ። ስሙ ይቅር። «ሁሉንም ፎርማት አድርጌ ዊንዶውስ ብቻ ልጫንልሽ፣ 1,500 ብር» አለኝ። ሊኑክሱን ብቻ በሌላ ሊኑክስ መቀየር እንደምፈልግ ነገርኩት። «እሱ አይቻልም፤ አንዱ ከተነካ ሌላውም ይሄዳል» አለ። በጣም እርግጠኛ ሆኖ ስለተናገረ ለሦስት ሳምንት አመንኩት።

ነገሩን የከፈተልኝ አንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነው። «እትዬ፣ ሚንት እኮ የተሠራው ኡቡንቱ ላይ ነው። የለመዱትን አያጡም» አለኝ። እውነቱን ነው። ኡቡንቱ በፈረንጆቹ 2004 ወጣ፣ ሚንት በ2006 ተከተለ። 22.2 ራሱ የቆመው ኡቡንቱ 24.04 ላይ ነው፤ ድጋፉም እስከ ፈረንጆቹ 2029 ይዘልቃል። ሊጡ ያው ነው፤ የተለወጠው ምጣዱ ነው። ሚንት ስናፕን በነባሪው አያስገባም፤ ፋየርፎክሱን በተለመደው እሽግ ራሱ አዘጋጅቶ ያቀርባል። እኔን የሳበኝ ይኸው ነበር።

ፋይሉ ወደ 3 ጊጋ ይጠጋል። ልጁ ግቢ ውስጥ ሌሊት አውርዶ በፍላሽ አመጣልኝ። ከመጫናችን በፊት ግን ሻ256 የሚባለውን መለያ ቁጥር ከድረ ገጹ ጋር አመሳከረ። «ምን ያስቸግርሃል፣ ወርዷል አይደል?» ስለው በፈረንጆቹ 2016 የካቲት ላይ የሆነውን ነገረኝ። የሚንት ድረ ገጽ ተሰብሮ፣ ማውረጃው የኋላ በር ወደተገጠመለት የሐሰት ፋይል ተጠምዝዞ ነበር። ከዚህ በኋላ ዝም አልኩ። ቁጥሩ ረጅም ነው፤ እሱ እያነበበ እኔ ስክሪኑ ላይ እየተከተልኩ አመሳከርነው።

ከዚያ ወረቀት አወጣንና የሃርድ ዲስኩን ካርታ ጻፍን። መጀመሪያ 100 ሜጋ የምትሆን ኢኤፍአይ የምትባል ክፍል አለች። ትንሽ ናት ግን የበሩ ቁልፍ እዚያ ነው፤ የሁለቱም ሲስተም ማስነሻ የሚቀመጠው እሷ ላይ ነው። ቀጥሎ የዊንዶውሱ ሲ። ቀጥሎ የደንበኞች ፋይል ያለበት ዲ። መጨረሻ ላይ ኡቡንቱ የተኛበት 60 ጊጋ። ይህን ወረቀት ሳትጽፉ አትጀምሩ። መጫኛው ሲመጣ ስሞቹን በዊንዶውስ ፊደል አይጠራቸውም፤ በቁጥርና በመጠን ነው የምትለዩአቸው። 60 ጊጋውን ከሌላው መለየት የቻልኩት በወረቀቱ ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ከኡቡንቱው የግል ፎልደሬን ወደ ዲ ገለበጥኩ። ሰነድ፣ ፎቶ፣ ዳውንሎድ። ኮንትሮልና ኤች ተጭኜ የተደበቁትንም አወጣሁና ሞዚላ የሚለውን ፎልደር ወሰድኩ። የፋየርፎክስ ዕልባቶቼና የይለፍ ቃሎቼ እዚያ ናቸው ብዬ። አልነበሩም። ፋየርፎክሱ ስናፕ ስለሆነ የሚያስቀምጣቸው ስናፕ በሚባለው ፎልደር ሆድ ውስጥ ነው። እኔ ደግሞ «ስናፕን ልገላገል አይደል?» ብዬ እሱን ተውኩት። የሦስት ዓመት ዕልባት እንደዋዛ ቀረ። የይለፍ ቃሎቹ ደብተር ላይ ስለነበሩ ተረፉ። ደብተር ላይ መጻፍ አይገባም የምትሉኝ ትክክል ናችሁ፤ ግን ያዳነኝ እሱ ነው።

እሑድ ጠዋት ሱቁን ዘግቼ ጀመርኩ። ልጁ ፈተና ስለነበረበት በስልክ ብቻ ነው የነበረው። ፍላሹን ሰክቼ አስነሳሁት። ሚንት ሳይጫን ከፍላሹ ላይ ስለሚሠራ መጀመሪያ ድምፁን፣ ስክሪኑን፣ ኪቦርዱን ሞከርኩ። ዋይፋዩ አልታየም። ያዝ አደረግኩትና ቀጠልኩ።

መጫኛው ሲጠይቅ ወሳኟ ምርጫ «ሰምቲንግ ኤልስ» የምትለው ናት። «ዲስኩን አጥፍተህ ጫን» የምትለውን ከነካችሁ የጥገና ቤቱ ሰውዬ ትንቢት ይፈጸማል። «ሰምቲንግ ኤልስ» ካርታውን ያወጣላችኋል። 60 ጊጋውን መረጥኩ፣ ዓይነቱን ኤክስት 4 አልኩ (የሊኑክስ ክፍል ዓይነት ነው)፣ ቦታውን በአንዲት እዝባር (/) ምልክት ሰጠሁ፣ «ፎርማት» የሚለውን ሳጥን እሱ ላይ ብቻ ምልክት አደረግኩ። ኢኤፍአይዋ ላይ ምልክቱ እንደሌለ ሁለት ጊዜ አየሁ። ሲ እና ዲን አልነካሁም። ከዚያ እሺ አልኩ።

ግማሽ መንገድ ላይ መብራት ጠፋ።

ከአዳማ ወጣ ብሎ ኮረብታዎቹ ላይ በድምሩ 204 ሜጋ ዋት ማመንጨት የሚችሉ የንፋስ ተርባይኖች ቆመዋል። የእኔ ቻርጀር የሚፈልገው 65 ዋት ነው። ንፋሱ ደግሞ ያን ቀን ቆርቆሮ ያንገጫግጭ ነበር። እኔም በሬ ላይ ቆሜ ባትሪው 9፣ 6፣ 3 ሲል አየሁት። ከዚያ ጥቁር።

መብራት የመጣው ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ነው። ፍላሹን ነቅዬ አበራሁት። «ግረብ» የሚል ቃል፣ ከጎኑ አንድ ቀስት፣ ብልጭ ድርግም የሚል ሰረዝ። ሌላ ምንም የለም። ዊንዶውስ የለም፣ ኡቡንቱ የለም፣ ምርጫም የለም። ጉልበቴ ከዳኝ። ሰውዬው የተናገረው ደረሰ አልኩ። ዲ ላይ የስንት ሰው ፋይል አለ!

ልጁ ጋ ደወልኩ። ሳቀ። «እትዬ፣ አይዞዎት፣ ዊንዶውስዎ አልሞተም። ያጥፉትና ሲበራ ኤፍ 12ን ደጋግመው ይጫኑ» አለኝ። ቁልፉ በየማሽኑ ይለያያል፤ በእኔ ላይ ኤፍ 12 ነው። ዝርዝር መጣ። የመጀመሪያው መስመር «ዊንዶውስ ቡት ማናጀር»። ስጫነው ዊንዶውሱ ምንም እንዳልተፈጠረ ተነሳ። ዲ ሙሉ ነው። እኔም ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ።

የሆነው ይኼ ነው። ግረብ ማለት ስታበሩት «ማንን ልክፈት?» የሚለው ዘበኛ ነው። ትንሿ ኢኤፍአይ ላይ ያለው የዘበኛው ግማሽ አካሉ ብቻ ነው፤ የሚከተለው ዝርዝር ያለው ሊኑክሱ ክፍል ውስጥ ነው። ያ ክፍል ፎርማት ተደርጎ አዲሱ ስላልገባ፣ ዘበኛው በሩ ላይ ቆሞ የሚያነበው ወረቀት አጣ። ዊንዶውስ ግን የራሱ ማስነሻ ኢኤፍአይዋ ላይ ለብቻው ስላለው ዘበኛውን አይፈልግም። ይህ የሚሠራው ዩኢኤፍአይ በሚባለው በአዲሱ የማስነሻ ዘዴ ነው፤ ባዮስ በሚባለው በድሮው ግን ማስነሻዋ አንዲት ብቻ ስለሆነች ነገሩ እንዲህ አይቀልም። ጥገና ቤቱ ሰውዬ ምናልባት የተማረው በዚያ ዘመን ይሆናል።

ማታ ከመጀመሪያው እንደገና ጫንኩት። 28 ደቂቃ ፈጀ። ሲነሳ ምርጫው ላይ ሚንትም ዊንዶውስም ተሰልፈው ታዩ። አንድ የሚያስቅ ነገር ግን አለ። በኤፍ 12 ዝርዝር ላይ የሊኑክሱ ስም አሁንም «ኡቡንቱ» ነው። አልጠፋም እንዴ ብዬ ደነገጥኩ። ሚንት ማስነሻውን የሚያስቀምጠው በዚያው በኡቡንቱ ስም ፎልደር ነውና እንዲህ መታየቱ የተለመደ ነው። የቤቱ ባለቤት ተቀየረ፣ በሩ ላይ ያለው ስም የድሮው ነው።

ከዚያ ጥቃቅኑ ነገር ተከታተለ። ዋይፋዩ የተለየ ድራይቨር ፈልጎ ነው የጠፋው። ስልኬን በገመድ ሰክቼ ዩኤስቢ ቴተሪንግ ከፈትኩ፣ ድራይቨር ማናጀር የሚባለው ፈልጎ አገኘው፣ ጫነው፣ አለቀ። ፕሪንተሬ ወዲያው ቢታወቅም አንድ ተጨማሪ ቁራጭ ከኢንተርኔት ካላወረድኩ አላትምም አለ። አውርጄ ሰጠሁት። ዲ ሲከፈት መጻፍ ከልክሎኝ ነበር፤ ዊንዶውስ ላይ ፋስት ስታርትአፕ የሚባለውን ሳጠፋው ተፈታ። ያ ነገር ሲበራ ዊንዶውስ በደንብ አይዘጋም፣ በግማሽ ዓይኑ ነው የሚተኛው።

ሰዓቱ ግን አናደደኝ። ማክሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ዊንዶውስ ስገባ 6፡00 ይላል። እኛ ቀድሞውንም ከፈረንጁ ሰዓት ስድስት እየቀነስን የምንኖር ሰዎች ነን። በዚያ ላይ ሌላ ሦስት ሲጎድል ምን እንደምቀንስና ምን እንደምደምር ጠፋኝ። ምክንያቱ ሊኑክስ የማሽኑን ውስጣዊ ሰዓት በዓለም አቀፉ ሰዓት ይይዛል፣ ዊንዶውስ ደግሞ ያንኑ ቁጥር የአገር ውስጥ ሰዓት ነው ብሎ ያነበዋል። እኛ ሦስት ሰዓት እንቀድማለንና ልዩነቱ ሦስት ነው። ተርሚናል ላይ በአንድ መስመር ሚንትን በአገር ሰዓት እንዲሄድ አደረግኩት። እስከዚያ ግን አንድ ሙሉ ቀን ፋይሎቼ የተሳሳተ ሰዓት ይዘው ተቀመጡ።

አማርኛ ማንበብ ወዲያው ይቻላል። ለመጻፍ አይባስ የሚባለውን የመጻፊያ ፕሮግራም ከተጨማሪው ኤም17ኤን ጋር ጫንኩና «ሴራ» የሚለውን መረጥኩ። ስሙ ቢያስፈራም ሴራ የለበትም። በላቲን ፊደል እንደሚሰማው ትጽፋላችሁ፣ ወደ ግዕዝ ይቀይረዋል። ትልቁ ፊደል ለጠ፣ ለጨ፣ ለጸ፣ ለኘ ነው። ሸ ላይ ግን ሁለት ቀን ተንገላታሁ፤ በኤክስ ቁልፍ ነው የምትመጣው። አሁን ጣቴ ለምዶታል፣ ግን በዊንዶውሱ ከምጽፈው ፍጥነት ገና ነኝ። አንድ አምስተኛ ያህል እዘገያለሁ።

ሰነድ ላይ እንጠንቀቅ። የእንግሊዝኛ ጥናት በታይምስ ኒው ሮማን 12 ተጽፎ ሲመጣ የሊኑክሱ የጽሑፍ ፕሮግራም ሊብሬ ኦፊስ ሊቤሬሽን ሰሪፍ በሚባል ፎንት ይተካዋል። የፊደሎቹ ስፋት እኩል ስለሆነ ገጹ ብዙም አይናጋም። በኒያላ ፎንት የተጻፈ አማርኛ ግን ሌላ ነገር ነው። ፎንቱ ስለሌለ በሌላ ይተካል፣ 84 ገጽ የነበረ ጥናት 89 ሆኖ ወጣብኝ። ማውጫውም ተበላሸ። ልጅቷ ደግሞ አምስት ኮፒ አዝዛ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሱቁ በር ላይ «በፒዲኤፍ ይምጡ» የሚል ወረቀት ለጥፌያለሁ። ማንም አያነበውም።

ወደ ፍጥነቱ ልምጣ፤ ለእሱ ብዬ ነውና ይህን ሁሉ የተቀበልኩት። ሲነሳ የሚይዘው ራም 800 ሜጋ አካባቢ ነው፤ በፊት 1.3 ጊጋ ነበር። ፋየርፎክስ ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ 11 ሰከንድ፣ ከዚያ በኋላ 4። ላፕቶፑ ከመብራቱ እስከ መሥራቱ ሁለት ደቂቃ ተኩል ይፈጅ የነበረው አንድ ደቂቃ ከሩብ ሆነ። የማራገቢያው ጩኸትም ቀንሷል። በአዳማ የቀትር ሙቀት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከሁሉም የወደድኩት ግን አፕዴት ማናጀሩን ነው። የተዘጋጀውን ማሻሻያ ዘርዝሮ፣ የእያንዳንዱን መጠን ጽፎ ያስቀምጣል። እኔ ካልኩት ውጭ አያወርድም። የመጀመሪያው ቀን 700 ሜጋ ገደማ አቀረበልኝ። የደኅንነት የሚለውን ወሰድኩ፣ ሌላውን ለሌሊት ጥቅል አቆየሁት። ሁለት ወር ሙሉ ጥቅሌ ባልጠበቅኩት ሰዓት አላለቀም።

ታይምሺፍት የሚባልም አለው፤ ሲስተሙን እንደ ፎቶ አንስቶ ያስቀምጣል፣ ነገር ቢበላሽ ወደዚያ ቀን ትመለሳላችሁ። ጥሩ ነው፣ ግን ዲ ላይ አላስቀምጥም ይላል፤ የሊኑክስ ዓይነት ክፍል ነው የሚፈልገው። ስለዚህ ያንኑ 60 ጊጋ ይካፈለኛል። ሁለት ፎቶ ብቻ እንዲይዝ ወስኜበታለሁ።

መልኩ? ደረቅ ነው። ኡቡንቱ ያምር ነበር። የአማርኛ ሜኑውም ግማሹ ተተርጉሞ ግማሹ እንግሊዝኛ ስለሆነ ወደ እንግሊዝኛው ተመለስኩ። ኮከብ ስጪ ካላችሁኝ ከአምስት አራት። የዕልባቶቼን ጉዳይ አልቆጠርኩበትም፤ ያ የእኔ ነው። ልጁን 500 ብር ብሰጠው እንቢ አለ። የፕሮጀክቱን ሦስት ኮፒ በደረቅ ሽፋን ጠርዤለት ተቻቻልን።

አምስተኛዋ ኮከብ የቀረችው በእንቅልፉ ነው። ክዳኑን ዘግቼ ስከፍተው ዋይፋዩ አንዳንዴ አብሮ አይነቃም፤ አጥፍቶ ማብራት ይፈልጋል። ልጁ እስካሁን መላ አላገኘለትም። እስከዚያው ክዳኑን አልዘጋውም። ምሳ ስወጣ አቧራው እንዳይገባበት የድሮ ሻሼን ጣል አደርግበታለሁ።